ለቀባሪው ከማርዳት ቀባሪውን መጠየቅ



«ለቀባሪው አረዱት» ይላል ያገራችን ሰው። ነገሩን ከማንም በፊት የሚያውቀውን ሰው ምንም እንደማያውቅ ቆጥሮ ሊያስረዳው ለሚነሳ ሰው የሚባል ተረት ነው። በጠና የታመሙ ሕፃናትን በተመለከተ ግን ተረቱ ቃል በቃል እውነት ሆኖ እናገኘዋለን። ልጁን በጉያው አቅፎ ስንት ሌሊት ያነጋ፣ ትንፋሹን እየቆጠረ ያደረ፣ በመጨረሻም አፈር ያለበሰ ወላጅ ስለዚያ ልጅ ስቃይ ከማንም በላይ ያውቃል። እኛ ግን «እግዜር ያጥናህ» እንለዋለን፣ «የፈጣሪ ፈቃድ ነው» እንለዋለን፣ «በሽታው እኮ የማይድን ነበር» ብለን ደግሞ እናስረዳዋለን። «ልጅህ እነዚያን ሌሊቶች እንዴት አደረ? ምን ቢደረግለት ይቀለው ነበር?» ብሎ የሚጠይቀው ግን እምብዛም የለም።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው። ነገሬ አጭር ነው፤ ልጅ የቀበሩ ወላጆች የሚያውቁትን ካልጠየቅናቸው፣ ዛሬ በየሆስፒታሉና በየቤቱ ተኝተው የሚሰቃዩ ልጆች ነገም በዚያው ስቃይ ያልፋሉ።

በቅድሚያ በቃሉ እንግባባ። ሐኪሞች «ፓሊየቲቭ ኬር» የሚሉት፣ በአማርኛ የማስታገሻ ሕክምናና እንክብካቤ ልንለው የምንችለው ነገር፣ ብዙ ሰው እንደሚመስለው ተስፋ ለተቆረጠበት በሽተኛ የሚሰጥ ስንብት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ሕፃናት ሲናገር እንክብካቤው በሽታው ከታወቀበት ዕለት መጀመር እንዳለበት፣ ልጁ በሽታውን የሚያድን መድኃኒት ቢወስድም ባይወስድም መቀጠል እንዳለበት፣ ከልጁ አካል ሌላ አእምሮውንና መንፈሱን እንዲሁም ቤተሰቡን መመልከት እንዳለበት ይገልጻል። በተግባር ሲታይ ሕመምን፣ ማስመለስን፣ የትንፋሽ ማጠርን፣ የሆድ ድርቀትን፣ እንቅልፍ ማጣትንና ፍርሃትን ማቅለል ማለት ነው። የሚያስፈልገውም ካንሰር ለያዘው ልጅ ብቻ አይደለም። የልብ፣ የኩላሊት፣ የኤች.አይ.ቪ ወይም ከባድ የአንጎል ችግር ያለበት ልጅም ያስፈልገዋል።

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናት ከከባድ ስቃይ ጋር እንደሚሞቱ ገልጿል። ከእነዚህ ውስጥ ከ98 በመቶ በላይ የሚሆኑት የእኛን በመሰሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ያሉ ናቸው። የሕፃናት ካንሰርን ብቻ ብንወስድ፣ በበለጸጉት አገሮች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ልጆች ሲድኑ በብዙ ድሃ አገሮች የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች እንደሆኑ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ስለዚህ የማስታገሻ እንክብካቤ ለእኛ ትርፍ ነገር አይደለም። የሚድነው ልጅ ባነሰ ቁጥር ስቃዩ ሊቀልለት የሚገባው ልጅ ይበዛል።

ታዲያ ወላጅ የሚያውቀው፣ ሐኪም የማያየው ምንድን ነው? መልሱን የሰጡን ራሳቸው ያዘኑ ወላጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ የታተመ ጥናት ልጆቻቸውን በካንሰር ያጡ 103 ወላጆችን አነጋግሮ ነበር። ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ልጃቸው በመጨረሻው ወር ቢያንስ በአንድ ነገር እጅግ እንደተሰቃየ ተናገሩ። ሕመምን ለማስታገስ መድኃኒት ከተሰጣቸው ልጆች መካከል እንኳን በወላጆች እይታ በደንብ የተሳካላቸው ከሦስት አንድ አይሞሉም ነበር። ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ የወላጆቹ ቃልና የሕክምና ካርዱ አለመመሳሰላቸው ነው። ድካምን፣ ምግብ መዝጋትን፣ የሆድ ድርቀትን ወላጆች አብዝተው ሲያነሱ ሐኪሞች ግን ከወላጆቹ አሳንሰው ጽፈውታል። ያ ሁሉ መሣሪያ ባለበት ከተማ የልጅን ስቃይ መዝገቡ ካላወቀው፣ አንዲት ነርስ ብዙ አልጋ በምትጠብቅበት ቦታ ምን ያህል ሊያመልጥ እንደሚችል አስቡት።

ሌላው ምሳሌ ከስዊድን ነው። እዚያ የሚኖሩ ተመራማሪዎች ልጆቻቸውን በካንሰር ያጡ ወላጆችን «ስለ ሞት ከልጃችሁ ጋር አውርታችሁ ነበር?» ብለው ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመው ውጤት መሠረት አውርተናል ካሉት 147 ወላጆች መካከል የተጸጸተ አንድም አልነበረም። አላወራንም ካሉት 258 ወላጆች ውስጥ ግን 69ኙ ይቆጫቸዋል። ልጄ መሞቱን አውቆ ነበር ብለው በሚያስቡት ወላጆች ዘንድ ቁጭቱ ይበልጥ በዝቶ ነበር። ይህን ዕውቀት ከላቦራቶሪ ማግኘት አይቻልም። ከቀባሪው ብቻ የሚገኝ ነው።

ባለፈው ዓመት ከዳባት ወዲያ ካለ የገጠር ቀበሌ የመጣች፣ ልጇን በካንሰር ያጣች እናት አነጋግሬ ነበር። የእሷንም የልጇንም ስም አልጽፍም፣ የታከሙበትንም ቦታ አልጠራም። አርባዋን ካወጣች ወራት አልፈዋል። መጀመሪያ ላይ ሰው እንደሚለው «ተመስገን» ብላ ዝም አለች። «ልጅሽ ምን ትወድ ነበር?» ስላት ግን ፊቷ ፈታ አለና ወሬው ቀጠለ።

«መድኃኒቱን ሲሰጡኝ ሲያማት ስጫት አሉኝ» አለችኝ። «እኔ ደግሞ እንዳያልቅብኝ ብየ እቆጥበዋለሁ። ቀን ቀን ትጫወት ነበር። የሚብስባት ሌሊት ነው። ስትጮህ እሰጣታለሁ፣ መድኃኒቱ እስኪሠራ ይነጋል።»

ዝም ብላ ቆየችና ደግሞ «አንድ ማታ ‹እናቴ፣ እኔ ልሞት ነው?› አለችኝ። ‹ዝም በይ፣ ምን ያለው ነገር ነው!› አልኋት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም። ምን ልበላት እህቴ? ማን ነግሮኝ ያውቃል?» አለች።

ሦስተኛው ነገር ከሆስፒታል የወጡበት ቀን ነው። ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም ተብላ ልጇን ይዛ አገሯ ገባች። ከዚያ ቀን በኋላ የደወለ፣ የጠየቀ፣ «መድኃኒቱ አለቀ ወይ?» ያለ አልነበረም።

ያመሰገነችውም አለ። አንዲት ነርስ ልጅቱን ሁልጊዜ በቁልምጫ ስሟ ትጠራት ነበርና፣ መርፌ ሲሆን «እሷ ትምጣልኝ» ትል እንደነበር ነገረችኝ። «ያችን ልጅ እግዚአብሔር ይባርካት» አለች እናትየዋ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

እስቲ እነዚህን ነገሮች እንደ ምክር እናንብባቸው። አንደኛው የመድኃኒት አሰጣጥ ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው የሕፃናት ሕመም መመሪያ ለማይቋረጥ ሕመም የሚሰጥ ማስታገሻ ሕመሙ እስኪመጣ ሳይጠበቅ በሰዓቱ እንዲሰጥ፣ ቢቻል በአፍ እንዲሆን፣ መጠኑም ለእያንዳንዱ ልጅ እንዲስተካከል ይመክር ነበር። ያች እናት «በየስንት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ቀስቅሰሽ» ተብላ ቢነገራት፣ መድኃኒቱም እንደማያልቅባት እርግጠኛ ብትሆን፣ ልጅቱ በጩኸት ባላነጋች ነበር። ሁለተኛው ልጅ ስለ ሞት ሲጠይቅ ምን እንደሚባል ለወላጅ የሚያግዝ ሰው መኖሩ ነው። ሦስተኛው አንድ የስልክ ቁጥር ነው። አራተኛው ደግሞ ልጅን በስሙ መጥራት ነው። ከአራቱ አንዱም አዲስ ሕንፃ ወይም ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ነገር ግን እናትየዋን እስክንጠይቃት ድረስ የትኛውም መዝገብ ላይ አልተጻፈም።

በአገራችንም ሆነ በሌላው ዓለም ለታመሙ ሕፃናት ትልቅ ሥራ የተሠራው ብዙ ጊዜ ከወላጅ ሐዘን ተነስቶ ነው። አቶ ወንዱ በቀለ ልጃቸው ማቲዎስ በደም ካንሰር ታሞ በአራት ዓመቱ ካረፈ በኋላ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ሐዘናቸውን ወደ ሥራ ለወጡት። እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ዛሬም በዚያ ሕፃን ስም ይጠራል። ልጅ ይዘው ከሩቅ የሚመጡ ቤተሰቦች ማረፊያ እንደሚያጡ ማወቅ የሚችለው በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው ነው። «ተስፋ አዲስ» የተባለው የካንሰር ታማሚ ሕፃናት ወላጆች ድርጅትም ከስሙ ጀምሮ የወላጆች ነው። በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1982 የተከፈተው፣ በዓለም የመጀመሪያው የሕፃናት ሆስፒስ «ሄለን ሐውስ» ስያሜውን ያገኘው ሄለን ከተባለች በጠና ከታመመች ሕፃን ነው። ሐሳቡ የተወለደው አንዲት መነኩሲት ከልጅቱ ወላጆች ጋር በመሠረቱት ወዳጅነት፣ ቤተሰቡ ምን እንደሚያስፈልገው በማየት ነበር።

«ያዘነ ሰው ቤት ገብቶ መጠየቅ ለእኛ ባህል ይከብዳል» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔ ግን ለአካባቢያችን እንግዳ ነገር አይደለም እላለሁ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ በዳባት ወረዳ የሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ አለው። በዚያ ሰው ሲሞት ሠራተኞች ወደ ሟች ቤት ሄደው ሕመሙ እንዴት እንደጀመረ፣ ምን ምልክት እንደነበረው ቤተሰቡን በቃል ይጠይቃሉ። ከዚያም ሐኪሞች የሞቱን ምክንያት ይለያሉ። በአገር ደረጃም እ.ኤ.አ. በ2013 በተጀመረው የእናቶች ሞት ክትትል አንዲት እናት በወሊድ ምክንያት ስትሞት ቤተሰቧ ይጠየቃል፣ የት እንደዘገየች፣ ምን እንደጎደለ ይመረመራል። የሚጠየቀው ለወቀሳ አይደለም፤ ቀጣይዋ እናት እንዳትሞት ነው።

እንግዲህ የዳባት ገበሬ ልጁ በምን እንደሞተ ለመናገር በሩን ከፍቷል። የቀረው «በምን ሞተ?» ከሚለው ጎን «እንዴት ሆኖ ሞተ? አሞት ነበር? ማን አገዛችሁ?» የሚለውን ማከል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ የሚቀጥለውን ልጅ ከሞት ለማዳን ይረዳል። ሁለተኛው ደግሞ መዳን ያልቻለውን ልጅ ከስቃይ ለማዳን ነው።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻው በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ያ ኮሌጅ ባለሙያዎቹን ሲያሠለጥን ከሆስፒታል ግቢ ወጥተው ገጠር ገብተው እንዲሠሩ ነበር። ዛሬ ከበየዳ፣ ከጃናሞራ፣ ከአዲ አርቃይ ተራራ ወርዶ ልጁን ይዞ ጎንደር የሚመጣ ወላጅ አለ። ከደባርቅ ብቻ እንኳን መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪና መንገድ እስኪደርስ የሚሄደውን እግር ጉዞ፣ መንገድ ሲዘጋ የሚጠብቀውን ቀን አትቁጠሩት። የዚህን ቤተሰብ ኑሮ ሐኪሙ ከአልጋ አጠገብ ሆኖ ሊገምተው አይችልም። ወደ አገሩ ሲመለስ ማስታገሻው የት እንደሚገኝ፣ ጤና ኬላው ምን እንደሚያውቅ፣ ከጠበል ጋር መድኃኒቱን እንዴት እንዳስኬደው የሚነግረን አልፎበት የመጣው ሰው ነው።

የመድኃኒቱን ነገር ካነሳሁ ሞርፊንን ሳልጠቅስ አላልፍም። ብዙ ወላጅ፣ አንዳንዴም የጤና ባለሙያ፣ ሞርፊን ሲባል ይደነግጣል። «ሱስ ያስይዘዋል»፣ «ይገድለዋል» ይባላል። ለከባድ ሕመም በሐኪም ትእዛዝ፣ በተገቢው መጠን ሲሰጥ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናትም የሚመክረው መድኃኒት ነው። የሆድ ድርቀት ስለሚያመጣ አብሮ የሚያለሰልስ መድኃኒት ይታዘዛል። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2004 በልዩ ሁኔታ የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ በመፍቀዷ መድኃኒቱ ከሐኪም ራቅ ብሎ ላለው ገጠር እንዲቀርብ መንገድ ከፍታለች። በአገራችን ሆስፒስ ኢትዮጵያ በሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን እ.ኤ.አ. በ2003 ተመሥርቶ በየቤቱ እየሄደ ሕሙማንን ሲያስታምም ቆይቷል። ጤና ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ የፓሊየቲቭ ኬር መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው መኖሩ ጥሩ ነው። መመሪያው ከአንዲት እናት ምድጃ ዳር መድረሱንና አለመድረሱን ግን የምታውቀው እናትየዋ ናት።

አሁን ወደ አጠያየቁ ልምጣ፤ ቁስል ያለበትን ሰው መንካት ጥንቃቄ ይፈልጋልና። በእኔ እምነት እነዚህ ነገሮች ቢጠበቁ መልካም ነው።

ጊዜው። በቀብር ማግስትም ሆነ ሠልስት ሳይወጣ አይሁን። አርባው ወጥቶ፣ ሰው ከቤቱ ሲመለስና ድንኳኑ ሲነሳ፣ ቤቱ ጭር ያለበት ወቅት ይሻላል። ያን ጊዜ ስለ ልጁ የሚጠይቅ ሰው ይናፈቃል።

ጠያቂው። ልጁን ያከመው ሐኪም ራሱ ባይሆን ይመረጣል። ወላጅ በይሉኝታ «ሁሉም ደህና ነበር» ይላልና። የሠለጠነ ነርስ፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ፣ ወይም ራሱ ልጅ ያጣና ሐዘኑን የተወጣ ወላጅ ቢሆን ቃሉ ይከፈታል።

ፈቃዱ። የማይፈልግ አይገደድ። ወላጅ ጀምሮ ቢያቆም «እሺ፣ ይቅር» ይባል። አባትም ይጠየቅ። ብዙ ጊዜ እናትን ብቻ እያየን አባትን «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ብለን እንረሳዋለን፤ በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ የጠናው፣ ደም የፈለገው፣ በሬውን የሸጠው ግን እሱ ሊሆን ይችላል።

ወንበሩ። ጠይቆ መሄድ ብቻ አይበቃም። ሆስፒታሎች ስለ ሕፃናት ክፍላቸው ሲመክሩ ሁለት ሦስት ያዘኑ ወላጆች አብረው ቢቀመጡ፣ የትራንስፖርታቸውና የውሏቸው ወጪ ቢሸፈን፣ ስብሰባውም በሚገባቸው አማርኛ ቢካሄድ መልካም ነው። ሰው ለማስመሰል የሚጠራ ከሆነ ግን ባይጠራ ይሻላል።

ምላሹ። «የነገርሽን ሰምተን ይህን ቀይረናል» ተብሎ ይመለስላት። የልጇ ስቃይ ለሌላ ልጅ እፎይታ መሆኑን መስማት ለአንዲት እናት ምን ማለት እንደሆነ ልብ በሉ።

«ሐዘኗን መቀስቀስ ነው» የሚል ሥጋት አለ። የተኛ ሐዘን ነው የሚቀሰቀስ፤ የልጅ ሐዘን ደግሞ አይተኛም። ብዙ ያዘኑ ወላጆችን ይበልጥ የሚጎዳቸው ሰው ሁሉ የልጃቸውን ስም መጥራት ማቆሙ ነው። «ባለሙያዎች ይከሰሳሉ» የሚልም አለ። ጥያቄው ጥፋተኛ ፍለጋ እንዳይሆን ከመጀመሪያው ሊነገርና ስም ሊጠበቅ ይገባል። በዚያ ላይ ሕፃናትን የሚያስታምሙ ነርሶችና ሐኪሞችም ያዝናሉ። «ያችን ልጅ እግዚአብሔር ይባርካት» የተባለችው ነርስ ያንን ምርቃት ሰምታው ይሆን? ወላጅን ብንጠይቅ እሱም ይደርሳት ነበር።

ዛሬ የታመመ ልጅ ይዛችሁ ይህን የምታነቡ ወላጆች ደግሞ ሐኪማችሁን እነዚህን ጠይቁ። ማስታገሻውን በስንት ሰዓቱ ልስጥ? ሌሊት ቢብስበት ምን ላድርግ? ቢያስመልሰው እደግማለሁ? ሳያልቅ ከየት አገኛለሁ? ለማን ልደውል? መልሱን ጻፉት፣ ማንበብ የማትችሉም ለሚያነብ ሰው አስጽፉት። ሕመሙ የመጣበትን ሰዓት ምልክት አድርጉና ለሐኪሙ አሳዩት። መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ጠበል የምትወስዱም ከሆነ መድኃኒቱን አታቋርጡ፤ ለንስሐ አባታችሁም ለሐኪማችሁም ሁለቱን እንደያዛችሁ ንገሯቸው።

ዕድሮቻችንም ድርሻ አላቸው። ዕድር ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ያስተዛዝናል። ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል። ይህን የመሰለ የመተጋገዝ ልማድ ያለን ሕዝብ ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ መሰብሰብ የለብንም። ልጁ በሕይወት ሳለ ለእናቲቱ አንድ ሌሊት ተክቶ ማስታመም፣ ማስታገሻውን ከከተማ መላክ፣ ስልኳ ካርድ እንዳያጣ ማድረግ ከድንኳኑ በፊት የሚቀድም ዕድርተኝነት ነው።

ልጅ ያጣችሁ ወላጆች፣ እናንተ የምታውቁትን እኛ አናውቅም። የትኛው ሌሊት እንደከበደ፣ የትኛው ቃል እንዳጽናና፣ የትኛው እንዳቆሰለ ታውቃላችሁ። መናገር የምትችሉ ስትሆኑ ንገሩን። ሆስፒታሎችም፣ እስካሁን አስረድታችኋል፤ አሁን ጠይቁ። ቀባሪው የሚነግራችሁ ነገር ዛሬ ማታ በአንድ አልጋ ላይ ለሚያቃስት ልጅ ይደርሳል።

ቸር እንሰንብት።